ፍራንክፈርት ቤት ለምትከራዩ የደሴ ልጆች

ሰላም ወሎየዎች እንዴት ናችሁ፣ ይሄ በቅርቡ ከደሴና ከኮምቦልቻ ለምትመጡት ነው። አከራዩ ከ3 ወር ኪራይ በላይ ዲፖዚት (የመያዣ ብር) ከጠየቃችሁ እሺ እንዳትሉ፣ ህጉ አይፈቅድለትም (ማሞቂያና ውሃ ሳይቆጠር ማለቴ ነው)። ከገባችሁ በ2 ሳምንት ውስጥ ማዘጋጃ ቤት ሄዳችሁ አድራሻ ማስመዝገብ ግዴታ ነው፣ አከራዩ የፈረመበትን ወረቀት ካልያዛችሁ ይመልሷችኋል። ኪችኑ ደሞ ብዙ ቤት ባዶውን ነው የሚሰጠው፣ ምድጃ የለ ምን የለ፣ ግድግዳው ላይ የቧንቧ ጫፍ ብቻ፣ አብሽሩ ያገለገለ በርካሽ ይገኛል። ጀበናና ረከቦት ይዛችሁ ኑ ግን ቡና ስትቆሉ መስኮት ክፈቱ፣ ኮርኒሱ ላይ ያለችው የጭስ አላርም እጣን ምናምን አታውቅም ጎረቤቱን ሁሉ ነው የምትቀሰቅሰው። ከማታ 4 ሰዓት በኋላ ጫጫታ የለም። ውሉን ሳትፈርሙ ፎቶ አንስታችሁ እዚሁ ላኩልን፣ ጀርመንኛ የሚያነብ አለን።