የምትተኛበትን ትበላለች፦ የእንስሳት ክብካቤ ክበብ የዘንድሮ ዘገባ

በኅዳር ወር አንድ ረቡዕ ከሰዓት ቡሬ አስነጠሰች። ልጆቹ ሳቁ፤ የጥንቸል ማስነጠስ ክብሪት የተጫረ ያህል ትንሽ ድምፅ ነውና ያስቃል። ዓርብ ዕለት ግን አንዲት የ7ኛ ክፍል ተማሪ አቅፋት ሳለ የፊት እግሮቿን ገልጣ አሳየችኝ። በውስጥ በኩል ያለው ፀጉር በንፍጥ ረጥቦ፣ ደርቆ፣ እንደገና ረጥቦ ተጣብቋል። ቡሬ ሁለት ቀን ሙሉ አፍንጫዋን በእግሯ ስትጠርግ ከርማ ኖሮ አንዳችንም አላስተዋልንም። ዓይኖቿም ያለቅሱ ነበር።

በዚህ ዓምድ ክበባችን ስንት ጊዜ እንደተሰበሰበ፣ የት የት እንደጎበኘ መዘገብ የተለመደ ነው። ዘንድሮ 31 አባላት ነበሩን፤ በየሳምንቱ ረቡዕ ተሰብስበናል፤ በሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ሁለት ጊዜ ትምህርት ሰጥተናል። ያ በዚህ ይበቃል። የቀረውን ቦታ ለጥንቸሎቻችን ጉዝጓዝ እፈልገዋለሁ፤ ዓመቱን ሙሉ ያስጨነቀንም፣ ያስተማረንም እርሱ ነውና።

የቡሬን ሕመም ያመጣው ሰጋቱራ ነው፤ ሰጋቱራውን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ። መስከረም ላይ ከከተማ የሚለቅ አንድ ቤተሰብ ቡሬን፣ ዳማንና ነጮን ለትምህርት ቤታችን ሲሰጥ ለጉዝጓዝ የሚሆን ገንዘብ አልነበረንም። በአቅራቢያችን ካለ እንጨት ቤት ሰጋቱራ በማዳበሪያ ሞልተው በነፃ ይሰጣሉ። ደረቅ ነው፣ ሽንት ይመጥጣል፣ ዶሮ የሚያረባውም ሁሉ ይጎዘጉዘዋል። በቂ መሰለኝ። ስህተቴን እዚህ የምጽፈው ቤታችሁ ጥንቸል ካለችና ወለሏ ላይ ያው ሰጋቱራ ካለ ዛሬውኑ እንድታነሱት ነው።

የእንስሳት ሐኪሙ መጀመሪያ የጠየቁን ስለ ምግቧ ሳይሆን ስለ ወለሏ ነበር። ይዘንላቸው ከሄድነው ሰጋቱራ አንድ እፍኝ አንስተው በመስኮቱ ብርሃን ፊት በተኑት። ከባዱ ወዲያው ወረደ፤ ደቃቁ እንደ ጭስ አየር ላይ ቀረ። «ሌሊቱን በሙሉ የምትስበው ይህን ነው» አሉን። ጥንቸል የምትተነፍሰው በአፍንጫዋ ነው፤ እኛ ጉንፋን ሲይዘን እንደምናደርገው በአፏ ለመተንፈስ አልተፈጠረችም። ስለዚህ አፍንጫዋን የሚዘጋ ነገር ሁሉ ትንፋሿን ይዘጋል። በዚያ ላይ እንጨት ቤቱ የሚቆርጠው ዋንዛና ባሕር ዛፍ ብቻ አይደለም፤ ቺፑድ፣ ኤምዲኤፍና ኮምፔንሳቶም ይቆረጥበታል። እነዚህ በሙጫ የተሠሩ ስለሆኑ ዱቄታቸው ሙጫውንም ይዞ ይመጣል። ሽታው ለእኛ ደስ የሚለን የጥድ ፍቅፋቂም ቢሆን ጥሬውን ሲጎዘጎዝ ፌኖል የሚባሉ ኬሚካሎች ይተንኑበታል፤ ጥንቸል በተዘጋ ቦታ ስትስበው ስትውል ጉበቷ ይቸገራል።

ሐኪሙ መድኃኒት ሰጡን፤ ሰጋቱራውን በዚያው ዕለት ጠርገን አወጣን። ቡሬ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዳነች። ታዲያ በምን እንተካው?

ልጆቹ ከቤት ያላመጡት ነገር አልነበረም። አንድ ወላጅ ከአዲስ አበባ የድመት አሸዋ ገዝተው ላኩልን፤ ለልጆቹ ያላቸውን ፍቅር ስለማውቅ እምቢ ማለት ከበደኝ። ከመጠቀማችን በፊት ግን አንድ ማንኪያ ብርጭቆ ውስጥ አድርገን ውሃ ጠብ አደረግንበት። አሸዋው አብጦ፣ ተያይዞ፣ እንደ ሊጥ ጠጠረ። ለድመት ጥሩ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ድመት አትበላውም። ጥንቸል ግን የተኛችበትን ሁሉ ትቀምሳለች፣ ታኝካለች፣ ትውጣለች። የማይስማማትን ማስታወክ ደግሞ አትችልም። «ቲቸር፣ ይሄ ሆዷ ውስጥ ቢገባስ?» አለ አንዱ ብርጭቆውን እየገለበጠ፤ እብጠቱ ከታች ተጣብቆ አልወርድ አለ። ከዚያ በኋላ በክበባችን ውስጥ አንድ መለኪያ ጸና፤ ብትበላው የሚጎዳትን አትጎዝጉዝላት። በዚሁ መለኪያ የበቆሎ ቆረቆንዳም ወደቀ። ለመፍጨትም ሞክረን ነበር፤ ነገር ግን ስባሪው ከተዋጠ አንጀት ይዘጋል።

የሩዝ ቅርፊት ብዙ ተስፋ የጣልንበት ነበር። ፎገራ ቅርባችን ነው፤ የወረታ ወፍጮዎች ደጃፍ ላይ ቅርፊቱ ተከምሮ ያየ ሁሉ ይህን ያህል ነገር በከንቱ መቅረቱ ይቆጨዋል። ፈተናችን ቀላል ነበር። ሥሩ የተበሳ ጣሳ ውስጥ እያንዳንዱን ዓይነት እኩል እንሞላለን፣ ከላይ አንድ ሲኒ ውሃ እናፈሳለን፣ ከሥር የሚወርደውን በሌላ ሲኒ እንቀበላለን። የሩዙ ቅርፊት ውሃውን በወንፊት የፈሰሰ ይመስል ቁልቁል ለቀቀው። የጤፍ ጭድ ጥቂት ያዘ። የተቀደደ ወረቀት አብዛኛውን ያዘ።

አንድ የ8ኛ ክፍል ተማሪ እምቦጭ እናድርቅ አለን። ሐሳቡ ልቤን ነካው። እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ጣናን ሲወርር ያየነው አረም ለአንዲት ጥንቸል እንኳ ቢጠቅም ማን ይጠላል! ነገር ግን እምቦጭ ውሃው ውስጥ ያለውን ብረታ ብረትና ቆሻሻ እየሳበ በአካሉ የሚያከማች ተክል ነው፤ ዘሩም ለብዙ ዓመታት ሳይሞት ይቆያል። ከየጓሮው ወደየቦዩ ዘሩን ማመላለስ አልፈለግንም፤ ጥንቸሎቻችንንም ልናበላው አልደፈርንም። ልጁ አዘነ። እኔም አዘንኩ።

መልሱ የመጣው ከሐይቁ ዳር ልጆች ነው። ሥሩ የተበሳውን ጣሳ ስንሞክር አንዲት ዝምተኛ ተማሪ፣ ቤተሰቦቿ በዓሣ ሥራ የሚተዳደሩ፣ «ታንኳም እኮ ውሃ ይጠጣል» አለች። አባቷ ከሐይቅ ሲመለስ ታንኳውን ጎትቶ ፀሐይ ላይ ያቆመዋል፤ ካልደረቀ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል። ታንኳው የሚሠራበት ደንገል የሚባለው የሐይቅ ዳር ተክል ሲደርቅ ውስጡ ነጭ፣ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞላ ነው። ታንኳን የሚያንሳፍፈው ያ አየር ነው፤ ውሃ ሲያገኝ ደግሞ ቦታውን ለውሃ ይለቃል። እኔ ባሕር ዳር ተወልጄ አድጌ፣ ታንኳ ሲቆም ሺህ ጊዜ አይቼ፣ ይህን አንድም ቀን አላሰብኩትም ነበር።

በየካቲት ወር አሥራ ሁለት ልጆች ይዤ ታንኳ ወደሚታሰርበት ዳር ወረድን። ሥራ ላይ የነበሩት አዛውንት የምንፈልገውን ሲሰሙ መጀመሪያ አላመኑንም። «ለጥንቸል መኝታ?» አሉ። «አዎ አባባ፣ ለመኝታም ለሽንትም» አለች ተማሪያችን። ከዚያ በእግራቸው ሥር የተከመረውን ቁርጥራጭ አሳዩን። ታንኳ ሲታሰር ጫፍ ጫፉ ይቆረጣል፤ ለእንግዶች የሚሸጡት ትንንሾቹ ታንኳዎች ሲሠሩም ብዙ ይተርፋል። «እናንተ ካልወሰዳችሁት እሳት ይወስደዋል፤ ውሰዱ ልጆቼ» አሉን። ሁለት ማዳበሪያ ሞልተን በባጃጅ ተመለስን።

አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። የቆመ ደንገል አንቆርጥም። ዓሣ የሚራባው፣ ወፍ ጎጆ የሚሠራው እዚያ ውስጥ ነው፤ ዳር ዳሩም ከዓመት ዓመት እየተራቆተ ነው። የምንወስደው ትራፊውን ብቻ ነው። ሐኪሙም ሌላ ነገር ነግረውናል። ውሃ ውስጥ የቆመው የግንዱ ክፍል የጉበት ትል እጭ ሊይዝ ይችላል። በጎቻችንንና ከብቶቻችንን የሚያከሳው ያው ትል ጥንቸልንም ይይዛል። ስለዚህ የታችኛውን ክፍል ቆርጠን እንጥላለን፤ የቀረውን ቆርቆሮ ላይ ዘርግተን፣ ሲሰበር ቀጭ የሚል እስኪሆን ድረስ እናደርቃለን። ለጥምቀት የተጎዘጎዘውን ቄጠማ ለጥንቸሎቹ ያመጡ ልጆችም ነበሩ፤ በዚሁ ምክንያት መለስነው። የደንገሉ የውጭ ልጣጭ ሲደርቅ ጠርዙ ስለሚሾል እሱንም ገፈን ነጩን ብቻ እንቆራርጣለን። ይህ የልጣጭ ሥራ ረቡዕን ሙሉ ይወስዳል፤ ልጆቹ ግን ወደውት ተቀምጠው ያወጉበታል።

አሁን የምንጎዘጉዘው እንዲህ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አጋድመን አንድ ጎኑን ቆርጠን ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሰናል። ከሥሩ አራት አምስት ቅጠል ጋዜጣ፣ በላዩ የተቀደደ የፈተና ወረቀትና የደንገል ነጭ፣ ከሁሉም በላይ የጤፍ ጭድ። ስቴፕል ሽቦ የለቀመው ልጅ ፊርማውን ያኖራል፤ አንዲት ሽቦ ብትቀር ጥንቸሏ ጉሮሮ ውስጥ ናት። የሚያብለጨልጭ የመጽሔት ወረቀት ሽንት ስለማይመጥጥ አንቀበልም። ጭዱ የጤፍ እንጂ የገብስ አይሁን፤ የገብስ ጢም ዓይን ይወጋል። ውጭ ላይ አራግፉት፣ አፍንጫችሁን ሸፍኑ። በገንዘብ የምንገዛው ጭዱን ብቻ ነው፤ እሱንም አጨዳ እንዳለቀ በርካሹ፣ ክረምት ሳይገባ።

ጀሪካኑን የት እንደምናኖር የነገሩን ራሳቸው ጥንቸሎቹ ናቸው። ጥንቸል ለሽንቷ አንድ ጥግ ትመርጣለች። ዳማ በስተግራ ያለውን ጥግ መረጠች፤ እኛ ለሦስት ቀን ጀሪካኑን በስተቀኝ አስቀምጠን ስንጠብቅ እሷ ግራውን አልለቀቀችም። በመጨረሻ ጀሪካኑን ወዳለችበት ወሰድንላት፤ ሽንቷ የነካው ጥቂት ወረቀትም ውስጡ አደረግን። በማግስቱ ገባችበት። ድርቆሹንም በአንድ ጫፉ እናኖራለን፤ ጥንቸል እየበላች መጸዳዳት ትወዳለች። ነጮ ግን ያልተኮላሸ ወንድ ስለሆነ ግዛቱን ለማሳወቅ በየቦታው ይረጫል፤ ይህን ጠባዩን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ልናስተወው አልቻልንም።

የወረቀት ሌላው በጎነት ነጭነቱ ነው። በሚያዝያ አንድ ጠዋት «ቲቸር፣ ደም!» የሚል ጩኸት ሰምቼ ሮጥኩ። ወረቀቱ ላይ ብርቱካናማ ወደ ቀይ የሚያደላ ትልቅ እድፍ ነበር። ልጆቹ ማልቀስ ጀምረዋል። የጥንቸል ሽንት ከነጭ አንስቶ እስከ ቀይ መልኩን ይለዋውጣል፤ የሚበሉት ተክል ቀለም ብዙ ጊዜ ያቀላዋል። ዳማ ከአንድ ቀን በፊት የቀይ ሥር ቅጠል በልታ ነበር፤ መብላቷን አላቋረጠችም፣ ስትሸናም አታምጥም። በሁለት ቀን ውስጥ ቀለሙ ተመለሰ። መልኩ እንዳለ ከቆየ፣ ነጠብጣብ ወይም የረጋ ነገር ከታየበት፣ ወይም ምግብ ካቆመች ግን ወደ ሐኪም ነው። ሰጋቱራ ላይ ቢሆን ኖሮ ደሙንም፣ ያልሆነውንም አናይም ነበር።

ስለ ጽዳት። ሽንታቸው ካልሲየም ስለሚበዛበት ጀሪካኑ ላይ ኖራ የመሰለ ነጭ ቅርፊት ይሠራል፤ በውሃ የበረዘ አቼቶ ለጥቂት ደቂቃ ካቆዩበት በብሩሽ ይለቃል። በረኪና በሽንት ላይ አታፍስሱ። ሽንት ውስጥ ካለው አሞኒያ ጋር ሲገናኝ የሚያፍን መርዛማ ጋዝ ያወጣል፤ እናቶች ሆይ፣ ይህን አደራ። ጉዝጓዙ መቀየር እንዳለበት ለማወቅ ደግሞ ቆማችሁ አታሽትቱ። ተንበርከኩና አፍንጫችሁን ጥንቸሏ አፍንጫዋን ከምታኖርበት አድርሱት። እዚያ ዓይናችሁን ከቆጠቆጣችሁ፣ እሷን ከትናንት ጀምሮ ሲቆጠቁጣት ነበር።

በአካባቢያችን ጥንቸል ለምግብ ስለማትታሰብ አንዳንድ ወላጆች «ምን ይጠቅማል?» ብለው ጠይቀውኛል። ከጀሪካኑ የሚወጣው ፍግ፣ ከወረቀቱና ከደንገሉ ጋር፣ ሳይብላላ ቢቀርብም ተክል አያቃጥልም። ከቤተ ሙከራው ጀርባ ያለው ጎመንና ቆስጣ በዚያ የበቀለ ነው። ለእኔ ግን ከጎመኑ ይልቅ ያቺ ዝምተኛ ተማሪ ከየካቲት ጀምሮ የክበቡ ጸሐፊ መሆኗ ይበልጥብኛል።

ለክረምቱ ስድስት ማዳበሪያ ደረቅ ደንገልና ሁለት ጆንያ ጭድ ከወለል ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አኑረናል፤ እርጥበት ከነካው ይሻግታልና፣ ሻጋታ ያለበትን ጉዝጓዝ ሁሉ ጣሉት። ተራ የደረሳችሁ ልጆች ስማችሁ በቤተ ሙከራው በር ላይ ተለጥፏል፤ ቁልፉ ጥበቃው ጋ ነው። የተነበበ ጋዜጣ ያላችሁ ወላጆች እዚያው ተዉልን፤ ነሐሴን የሚያደርሰን ጋዜጣ ገና አልሞላልንም።