«አምስት እጥፍ» ለሰሜን ሸዋ አይሠራም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በዞናችን ፋብሪካ ወይም መንገድ ሊሠራ ነው በተባለ ቁጥር «እያንዳንዱ ብር አምስት ሆኖ ይመለሳል» ሲባል እንሰማለን። አምስቱ የመጣው እንዲህ ነው፦ ሰው ከተጨማሪ አንድ ብር ገቢ 80 ሳንቲሙን ያወጣል ይባልና 1 ሳይወጣ ለሚቀረው 0.20 ይካፈላል። ማካፈሉ ልክ ነው። ግን ግብርም ከሌላ ቦታ የሚመጣ ሸቀጥም የሌለበት አገር ሒሳብ ነው። የአባዢን (አንድ ብር ከእጅ ወደ እጅ ዙር በዙር ሲተላለፍ በድምሩ ስንት ብር ገቢ እንደሚሆን የሚያሳየውን ቁጥር) ስሌት እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው ሪቻርድ ካን እንኳ ለውጭ ሸቀጥ የሚወጣውን ቀንሶ ነበር ያሰላው።

ለምሳሌ ከደመወዝ 15 በመቶ ግብር ይቆረጥ፤ ከቀሪው 80 በመቶው ይውጣ፤ ከሚወጣው ግማሹ ለዘይት፣ ለስኳርና ለልብስ ከዞኑ ይውጣ እንበል። 0.85 × 0.80 × 0.50 = 0.34 ነው። 1 ለቀሪው 0.66 (1 − 0.34) ሲካፈል አባዢው 1.52 ገደማ ይሆናል። የ1 ሚሊዮን ብር ደመወዝ በሁለተኛው ዙር 340,000፣ በሦስተኛው 115,600፣ በአራተኛው 39,304 ብር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ፍርፋሪ ነው።

የባሰው ስህተት የሚሠራው ግን ገና ከመጀመሪያው ዙር በፊት ነው። 1 ሚሊዮኑ የግንባታ ወጪ ሆኖ 600,000ው ለብረትና ለማሽን ደብረ ብርሃንን ሳይረግጥ ከተከፈለ፣ የሚባዛው 400,000ው ብቻ ነው። ውጤቱ 606,000 ብር ገደማ፣ ከወጣው ገንዘብ ያነሰ!

እነዚህን ድርሻዎች (ኮኤፊሸንቶቹን) ከአገር አቀፍ ጥናት መገልበጥም አያዋጣም፤ አካባቢው ባነሰ ቁጥር ወደ ውጭ የሚሄደው ድርሻ ይጨምራል። ቤተሰብ ሲጠየቅም «ከገቢህ ስንቱን ታወጣለህ» ሳይሆን «1,000 ብር ቢጨመርልህ ስንቱን፣ ለምን፣ የት ታወጣዋለህ» መባል አለበት። ሁለቱ ድርሻዎች እኩል አይደሉም።

ሽያጭን እንደ ገቢ መደመርም የተለመደ ነው። ገበሬው አንድ ኩንታል ገብስ በ5,000 ብር ሸጦ ነጋዴው ለብቅል ፋብሪካ በ5,400 ቢያስረክብ፣ የተፈጠረው ገቢ ማዳበሪያው እንኳ ሳይቀነስ 5,400 እንጂ 10,400 አይደለም። በዚያ ላይ የመንዝ ገብስ ገና ማሳ ላይ ሳለ ገንዘብ ቢጎርፍ ኩንታሉ አይጨምርም፤ የሚጨምረው ዋጋው ነው።

ዕቅድ አውጪዎች አባዢውን ሲጠቅሱ ሦስቱን ድርሻዎች፣ ማለትም የግብሩን፣ ከቀሪው ገቢ የሚወጣውንና ከሚወጣው ለዞኑ ምርት የሚውለውን፣ አብረው ያትሙ። ከሦስቱ በዞኑ እጅ ያለው የመጨረሻው ነው፦ የሸዋ ሮቢት ሽንኩርትና የመንዝ በግ ተፈልጎ የዞኑ ምርት ድርሻ ከ50 ወደ 60 በመቶ ቢያድግ፣ አባዢው ከ1.52 ወደ 1.69 ከፍ ይላል።

የኢኮኖሚክስ መምህራን፣ ከደብረ ብርሃን