የኒውካስል ባለቤት ማን እንደሆነ እኛ እናውቃለን

የተከበሩ አዘጋጅ፣

ባለፈው ቅዳሜ በስፖርት ገጻችሁ ስለ እንግሊዝ ክለቦች የውጭ ባለቤቶችና ስለ ፋይናንስ ደንቡ ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ አንባቢ ሁሉ ስላየው መልሼ አልተርክም። ስለ ቸልሲ የተጻፈው ክፍል ጥሩ ነበር፤ ክለቡ ሆቴሎቹን ለራሱ እህት ኩባንያ ሸጦ የሒሳብ መዝገቡን እንዴት እንዳሳመረ ሳነብ ስቄአለሁ። እኔን ብዕር ያስነሳኝ ስለ ኒውካስል ዩናይትድ በጻፋችሁት ውስጥ ያለች ግማሽ ዓረፍተ ነገር ናት። ክለቡ ያለው «ከመንግሥት ነጻ በሆነ የሳዑዲ የኢንቨስትመንት ድርጅት» እጅ ነው ትላለች።

ነጻ? ከማን?

ያላችሁት ድርጅት የሳዑዲ የሕዝብ ኢንቨስትመንት ፈንድ ነው፤ የቦርድ ሰብሳቢው አልጋ ወራሹና ጠቅላይ ሚኒስትሩ መሐመድ ቢን ሰልማን ናቸው። የፈንዱ ገዥ ያሲር አል ሩማያን ደግሞ የኒውካስል ሊቀ መንበር ናቸው። እርግጥ ነው፣ ክለቡ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 2021 በ305 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሸጥ ፕሪሚየር ሊጉ «መንግሥቱ ክለቡን እንደማይቆጣጠር በሕግ የሚያስገድድ ማረጋገጫ አግኝቻለሁ» ብሎ ነበር። ዘጋቢያችሁ ያችን መግለጫ አንብቦ ቆሟል። ቢቀጥል ኖሮ ከአንድ ዓመት ተኩል በኋላ፣ በየካቲት 2023፣ ይኸው ፈንድ በጎልፍ ውድድር ጉዳይ አሜሪካ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ጠበቆቹ ምን ብለው እንደተከራከሩ ያገኝ ነበር። ፈንዱ የሳዑዲ መንግሥት አካል ነው፣ አል ሩማያንም በሥራ ላይ ያሉ ሚኒስትር ናቸው፣ ስለዚህ ያለመከሰስ መብት አላቸው አሉ። ሰነድ አስረክቡ ሲባል መንግሥት የሚሆን፣ ክለብ ሲገዛ ነጋዴ የሚሆን ድርጅት ነው እንግዲህ። ጋዜጣችሁ ከሁለቱ ለእንግሊዞች የሚመቸውን መርጦ አተመልን።

ይህ ሰውዬ በአንዲት ሐረግ ምን አንገበገበው ትሉ ይሆናል። ስሕተቷ ብቻዋን ብትሆን ኖሮ ባለፍኳት። ነገር ግን ከሥሯ የተከተለውን አንቀጽ ያበላሸችው እሷ ናት። «በባለቤቶቹ ላይ የሚነሱ ቅሬታዎች» ብላችሁ ጋዜጠኛው ጀማል ኻሾግጂ በ2018 ኢስታንቡል ውስጥ መገደሉን ጠቀሳችሁ። የሴቶችን መብት ጠቀሳችሁ። የየመንን ጦርነት፣ ሌላው ቀርቶ የኳታሩን ቢኢን ስፖርት ሥርጭት የሰረቀውን ሕገ ወጥ ጣቢያ ሳይቀር ጠቀሳችሁ። ሁሉም እውነት ነው፤ የእንግሊዝ ጋዜጦች የሚደረድሩት ዝርዝርም ይኸው ነው። ኢትዮጵያውያን ግን የሉበትም። በአማርኛ በሚታተም ጋዜጣ፣ ለአማርኛ አንባቢ በተጻፈ ዘገባ ውስጥ የእኛ ልጆች የሉም።

የሰብዓዊ መብት ተሟጋቹ ሂውማን ራይትስ ዎች ኦገስት 21 ቀን 2023 ባወጣው ሪፖርት የሳዑዲ ድንበር ጠባቂዎች ከማርች 2022 እስከ ጁን 2023 ባለው ጊዜ ከየመን ለመሻገር የሞከሩ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን ገድለዋል ብሏል። በከባድ መሣሪያ ጭምር ተተኩሶባቸዋል። ተይዘው «የትኛውን እጅህን ወይም እግርህን እንምታ?» ተብለው የተጠየቁ እንዳሉም ከተረፉት ሰዎች ሰምቶ ጽፏል። የሳዑዲ መንግሥት ክሱ መሠረተ ቢስ ነው ብሎ አስተባብሏል፤ ይህንንም መጻፍ ተገቢ ነው፣ ጻፉት። የእኛ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ጉዳዩን ከሳዑዲ ጋር በጋራ እንደሚመረምር አስታውቆ ነበር። እሱንም ጻፉት፤ የምርመራውን ውጤት ያገኛችሁ እንደሆነ ደግሞ በፊት ገጽ አውጡልን።

አሁን ያቺ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ምን እንደሠራች ተመልከቱ። ፈንዱ ከመንግሥት ነጻ ከሆነ ድንበር ላይ ጠመንጃ የያዘው ወታደር ከክለቡ ጋር ምንም አያገናኘውም፤ ዘጋቢውም እኛን የሚጠቅስበት ምክንያት የለውም። ፈንዱ የመንግሥት ከሆነ ግን የክለቡ ሊቀ መንበር የሚያገለግሉትና ድንበር ጠባቂውን የሚያዝዘው አንድ መንግሥት ነው። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁም ይባላል። እናንተ ግን አጥሩን ራሱ አላያችሁትም።

የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። የኒውካስል ደጋፊ የሆንኩት በአለን ሺረር ዘመን ነው፤ ገንዘቡ ሲመጣ የመጣሁ አይደለሁም። ዲኤስቲቪ ቤታችን ውስጥ አርሰናል በትልቁ ስክሪን ሲታይ የእኛ ጨዋታ ጥግ ላይ በተሰቀለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ያለ ድምፅ ይታያል። ክለቡ ከተሸጠ ወዲህ በዚያ ቤት ስሜ «ሼኩ» ሆኗል። ሒሳብ ሲመጣ «ሼኩ ይክፈል» ይላሉ፤ እስቃለሁ። የሂውማን ራይትስ ዎች ሪፖርት በወጣበት ሳምንት እሑድ ዕለት፣ በአሥር ተጫዋች የቀረው ሊቨርፑል በዳርዊን ኑኜዝ ሁለት ጎሎች አሸነፈን። ቤቱ በጩኸት ሲናወጥ ስለ ባለቤታችን አንድም ሰው አላነሳም። በማግሥቱ የገዛኋቸው የስፖርት ጋዜጦችም አላነሱም፤ ኑኜዝ፣ ኑኜዝ፣ ኑኜዝ ብቻ።

የእህቴ ልጅ በጂቡቲ በኩል ኦቦክ ደርሶ በጀልባ ወደ የመን ተሻገረ። በሰሜን የመን ካለችው ከሰዓዳ አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ በኋላ ድምፁን አልሰማንም። የደረሰበትን አላውቅም፣ በማንም ላይ ጣቴን አልቀስርም። እህቴ ማንበብ ስለማትችል ጋዜጣ የማነብላት እኔ ነኝ። ዘገባችሁን ሳነብ «ሳዑዲ» የሚለውን ቃል ሰማችና ጀበናውን ትታ መጣች። «ጋሼ፣ ስለ ልጆቹ ያወራል?» አለችኝ። አያወራም። ስለ ቸልሲ ሆቴሎች ነው የሚያወራው።

ወደ ፋይናንስ ደንቡ ልምጣ። የፕሪሚየር ሊጉን የትርፋማነትና ዘላቂነት ደንብ «መንግሥታት ክለብ እንዳይቆጣጠሩ የቆመ መከላከያ» ብላችሁታል። ደንቡ እንዲህ ያለ ነገር አያውቅም። እስከ 2025/26 የውድድር ዘመን ድረስ የሚያውቀው ክለቡ በሦስት ዓመት ውስጥ ከ105 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ መክሰሩን አለመክሰሩን ነበር። የገንዘቡን ልክ ይጠይቅ ነበር፣ የገንዘቡን ምንጭ አይጠይቅም ነበር። በጁን 2024 የሆነውን አስታውሱ። በዓለም ካሉት ሀብታም ፈንዶች የአንዱ ንብረት የሆነው ክለባችን የሒሳብ ዓመቱ ከመዘጋቱ በፊት ከዚህ የኪሳራ ገደብ እንዳያልፍ ኤልየት አንደርሰንን ለኖቲንግሃም ፎረስት፣ ጋምቢያዊውን ያንኩባ ሚንቴን ለብራይተን ሸጠ። አንደርሰን ከኒውካስል አጠገብ ተወልዶ በክለቡ አካዳሚ ያደገ ልጅ ነው። የተሸጠበትም ምክንያት ይኸው ማደጉ ነው፤ አካዳሚ ያፈራው ተጫዋች በመዝገብ ላይ የግዢ ዋጋ ስለሌለው የተሸጠበት ገንዘብ በሙሉ ትርፍ ተብሎ ይቆጠራል። የአገር ልጅ ሽጡ የሚል ደንብ ነው እንግዲህ መከላከያ የተባለው። ባለቤቱ ግን እዚያው ወንበሩ ላይ ነው።

ሊጉ ሲፈልግ ፈጣን ነው። ክለቡ በተሸጠ በ11ኛው ቀን ተሰብስበው ከባለቤት ጋር ግንኙነት ካላቸው ድርጅቶች የሚመጣ ስፖንሰርነትን ለጊዜው አገዱ። 18 ክለቦች ደገፉ፣ ኒውካስል ተቃወመ፣ ማንቸስተር ሲቲ ድምፀ ተአቅቦ አደረገ። በኋላ ማሊያ ላይ የሚለጠፍ ስም ዋጋው ከገበያው ጋር መመጣጠኑን የሚመዝን ሥርዓት አበጁ። የስፖንሰሩን ዋጋ እስከ ሳንቲሙ የሚያጣሩ ሰዎች ናቸው! በማርች 2023 ደግሞ የሰብዓዊ መብት ጥሰትን ባለቤትን ከሚያሰናክሉ ምክንያቶች መካከል በአንድ ድምፅ አስገቡ። ሪፖርቱ የወጣው ከዚያ አምስት ወር በኋላ ነው። ባለቤቱም ያው ናቸው፣ ሊቀ መንበሩም ያው ናቸው።

ፖለቲካውንም ቢሆን አቅልላችሁታል። ግዢው በ2020 ሲጓተት አልጋ ወራሹ ለያኔው የእንግሊዝ ጠቅላይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን መልእክት ልከው ሊጉ እንዲታረም መጠየቃቸው በማግሥቱ ዓመት ይፋ ወጥቷል። ከመንግሥት ነጻ ለሆነ ድርጅት የሚላክ መልእክተኛ ትልቅ ነው።

በኒውካስል ከተማ ሰዎች አልፈርድም። ክለቡ የተሸጠ ቀን ራሳቸው ላይ የወጥ ቤት ፎጣ ጠምጥመው ሼክ መስለው በስታዲየማችን በሴንት ጀምስ ፓርክ ደጃፍ ሲጨፍሩ ያየኋቸው ለ14 ዓመት በቀድሞው ባለቤት በማይክ አሽሊ የተሰላቹ ሰዎች ናቸው። በ2025 ሊቨርፑልን 2 ለ 1 አሸንፈን የካራባኦ ዋንጫን ስናነሳ፣ ከ1955 ወዲህ የመጀመሪያው የአገር ውስጥ ትልቅ ዋንጫችን ነበርና እኔም ወንበር ላይ ወጥቻለሁ። ሁለተኛዋን ጎል ያገባው የኤርትራውያን ልጅ የሆነው አሌክሳንደር ኢሳቅ ነው። እሱም በዚያው ዓመት በ125 ሚሊዮን ፓውንድ ለዚያው ለሊቨርፑል ተሸጠ፤ ይህን ቁስል ሌላ ቀን እናነሳዋለን።

የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ያችን ግማሽ ዓረፍተ ነገር አርሙ፤ ቅሬታ ብላችሁ በደረደራችሁት ውስጥም የእኛን ልጆች ጨምሩ። ማረሚያው የሚወጣው እዚያው ስፖርት ገጽ ላይ ይሁን። ወደ ውጭ ጉዳይ ገጽ እንዳትወስዱት፣ እኛ ሰፈር ጋዜጣችሁ የሚነበበው ከኋላ ጀምሮ ነው።

አክባሪያችሁ
የኒውካስል ደጋፊ፣ ከኮምቦልቻ