የኒው ዮርክ ሂሳብ ተቆጣጣሪ የሚመረጥ እንጂ የሚሾም አይደለም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ባለፈው እትማችሁ የኒው ዮርክ ግዛት ሂሳብ ተቆጣጣሪን «የገዥው ተሿሚ» ብላችሁታል። ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። እ.ኤ.አ. በ1797 መሥሪያ ቤቱ ሲቋቋም ሳሙኤል ጆንስ በሹመት እንደገባበት እውነት ነው። ግዛቱ በውኃ ቦይ ግንባታ ዕዳ ከተዘፈቀ በኋላ ግን የ1846ቱ ሕገ መንግሥት ምርጫውን ለሕዝብ ሰጠ። የመጀመሪያው ተመራጭ ሚላርድ ፊልሞር ነው፤ ኋላ የአገሪቱ ፕሬዚዳንት የሆነው።

ባለቤት ያጡ የባንክ ሂሳቦችም በሂሳብ ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ይጠበቃሉ። የሟች አጎቴን የተረሳ ቁጠባ ያስመለስኩት በዚሁ መሥሪያ ቤት ነው፤ ቼኩን ከፖስታው ሳወጣ እጄ ተንቀጥቅጧል። ብዙ ወገኖቻችን በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ይህን ቦታ ባዶ ትተው ማለፋቸው ያሳዝነኛል። እባካችሁ፣ ስህተቱን በሚቀጥለው እትም አርሙት።

አክባሪያችሁ፣
ከብሮንክስ፣ ኒው ዮርክ