ዶክተር ነው ላሉት ጎረቤት

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ አባባ፣ ደሴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ስልኩ እየተቆራረጠ ስላስቸገረ ነው ወረቀት ያነሳሁት። ውሸቴን ነው። ምክንያቱን ታች ያገኙታል።

ጎረቤትዎ «ልጅዎ ምን ይሠራል?» ሲሉዎት «ዶክተር ነው» ብለው አለፉ አሉ። ይኸው ሰውየው የደም ግፊት መድኃኒት ላክልኝ ብለው በቴሌግራም ጻፉልኝ! አባባ፣ እኔ መድኃኒት የሚያዝ ዶክተር አይደለሁም። ሥራዬ ለጥናት ሰው መጠየቅ ነው። ከአገሩ የወጣ ሰው «አገሬ» ሲል የቱን ማለቱ ነው? 11 ዓመት ሙሉ የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

አንዲት እናት አሉ። ስማቸውን አልነግርዎትም፣ የሥራው ሕግ አይፈቅድም። በደርግ ጊዜ በሱዳን በኩል ወጥተው፣ አሜሪካ በፈረንጆቹ 1980 ባወጣችው የስደተኞች ሕግ የገቡ ናቸው። በፈረንጆቹ 2020 እዚህ ሕዝብ ሲቆጠር ቅጹን ላግዛቸው ሄድኩ። ኮሮና ስለነበር በረንዳ ላይ ተራርቀን ተቀመጥን። ቡናው ግን አልቀረም። ዘር የሚጠይቀው ጋ ስንደርስ «ጥቁር የሚለው ላይ ምልክት ላድርግ?» አልኳቸው። ሲኒውን አስቀምጠው ክንዳቸውን ገልጠው አሳዩኝ።

«በሞቴ፣ ይሄ ጥቁር ነው? ቀይ ዳማ ነኝ እኮ!»

እዚህ አገር ነገሩ የመልክ እንዳልሆነ፣ ከኋላው የባርነት ታሪክ እንዳለ ላስረዳ ጀመርኩ። «እሱንማ ልጆቼ ነግረውኛል» ብለው አቋረጡኝ። ልጆቻቸው እዚሁ ተወልደው ያለ ማመንታት ጥቁር ነን ይላሉ። ፖሊስ መኪናቸውን ሲያስቆም ጠይም፣ ቀይ ዳማ ብሎ አይለይማ! ከሥር «ለምሳሌ» ተብሎ ከተዘረዘረው ውስጥ «ኢትዮጵያዊ» የሚል አለ። ያንን ሳነብላቸው ዝም አሉ። «ራሳቸው ናቸው የጻፉት?» አሉኝ ቆይተው። ከዚያ እስክሪብቶውን ወሰዱና አንድ በአንድ ፊደሉን እየጠየቁኝ በእንግሊዝኛ በእጃቸው ጻፉት። በአቦል የጀመርነውን በረካ ላይ ጨረስን።

አሁን ወደ ውሸቴ ልምጣ። ሌላውን ስጠይቅ ኖሬ የራሴን ደብቄዎታለሁ። ባለፈው መስከረም ቀኝ እጄን አንስቼ ምያለሁ። ዜግነቱን ወስጃለሁ። በእኛ ሕግ፣ በአዋጅ 378/1996፣ ሁለት ዜግነት የለም፤ የሌላውን ወድዶ የያዘ የኛን ያጣል። ለጥር ስመጣ በቢጫ ካርድ ነው የምገባው፣ የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ በሚሉት። ያለ ቪዛ ያስገባል፣ ሥራም ያሠራል፣ ምርጫ ግን አያስመርጥም። ይህን ለስንት ሰው አስረድቻለሁ መሰለዎት! የራሴን ቅጽ ስሞላ ግን «የቀድሞ ዜግነት» የሚለው ጋ ስደርስ እጄን ያዘኝ። ወረቀቱ ሁለት ሳምንት ፍሪጅ ላይ ተቀመጠ።

ለጎረቤትዎ ሐኪም ቤት ይሂዱ ይበሉልኝ። እኔው መጥቼ እስክነግራት ድረስ ደግሞ ለእማዬ ትንፍሽ እንዳይሉ፣ አደራ።

ልጅዎ