ስሙን ብቻ ሳይሆን ዝናቡንም ንገሩን

ለአዘጋጁ፦

ባሕር ላይ ስለተሰባሰበው ነጎድጓዳማ ደመና ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩት። ትኩረቱ «አውሎ ነፋስ ይሆናል ወይስ አይሆንም?» የሚለው ላይ ነው። ዝናብ ለጠማው ሰው ግን ቀዳሚው ጥያቄ ሌላ ነው፤ ስንት ይዘንባል?

ደመናው የአውሎ ነፋስ ስም የሚሰጠው ነፋሱ በሰዓት 63 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲደርስ ነው። ይህ መለኪያ ስለ ዝናቡ ምንም አይነግረንም። በ2001 እ.ኤ.አ. የአሜሪካዋን ከተማ ሂዩስተንን ያጥለቀለቀው አሊሰን የተባለው አውሎ ነፋስ ሀሪኬን፣ ማለትም ነፋሱ እጅግ የበረታ አውሎ ነፋስ፣ ሆኖ አያውቅም። መከራውን ያመጣው ጎርፉ ነበር። በተቃራኒው ስም ሳያገኝ የሚያልፍ ደካማ ደመና የተሰነጠቀ መሬት አርጥቦ ሊሄድ ይችላል። ይሄ ለብዙዎቻችን ትልቅ ዜና ነው።

ደግሞም የባሕሩ ውሃ 26.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሞቅ እንኳ አውሎ ነፋስ ለመፍጠር ብቻውን አይበቃም። የላይኛው ነፋስ ከታችኛው በፍጥነትና በአቅጣጫ በጣም ከተለያየ የደመናውን አናት ገፍቶ ይወስደዋል። ማታ በሳተላይት ምስል ላይ እንደ ጥጥ ክምር ያበጠው ነገር ጠዋት ብትንትኑ ወጥቶ ይገኛል። ከባዱ ዝናብም ከመሃሉ ርቆ በአንድ ጎን ብቻ ሊወርድ ይችላል፤ ካርታው ላይ የመሃሉን መንገድ የምታሳየውን መስመር ብቻ ያየ ሰው ይሸወዳል።

ስለዚህ አውሎ ነፋስ የመሆን ዕድሉን በመቶኛ ስታወጡ፣ አጠገቡ በየአካባቢው የሚጠበቀውን ዝናብ በሚሊ ሜትር አስቀምጡልን። ዝቅተኛውም ከፍተኛውም ግምት ይኑርበት። በየጠዋቱ የሚታደስ አንድ አጭር ሰንጠረዥ ይበቃል።

አንባቢያችሁ