የቱሪዝም ክበብ ዘገባ፦ እኛም በተራችን ቱሪስት ሆንን

የቱሪዝም ክበባችን ዘንድሮ ሥራ የጀመረው በክርክር ነው። ግማሹ ላንጋኖ፣ ግማሹ እንደ ሁልጊዜው ሐረር ሲል አንዷ የ11ኛ ክፍል ተማሪ ብድግ ብላ፣ «ቱሪስት ሲመጣ እናያለን እንጂ መቼ ቱሪስት ሆነን እናውቃለን?» አለች። በቃ፣ ጅቡቲ ተባለ።

ወላጆች ደነገጡ። ግን ከድሬዳዋ ለሚነሳ ሰው ጅቡቲ ከአዲስ አበባ ትቀርባለች፤ በባቡር 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ልባችንን ያደረቀው የፓስፖርቱ ጉዳይ ነው። በወጪው ምክንያት የቀሩ ልጆች አሉ፣ ይሄ እስካሁን ይከነክነኛል። የቀሩትም ቢሆኑ ዝም ብለው አልተቀመጡም። እዚሁ ድሬ፣ ለገሃር አካባቢ ጡረታ የወጡ የምድር ባቡር ሠራተኞችን እያፈላለጉ የድሮውን ጉዞ ጠይቀው ጻፉ። ከጅቡቲ የተነሳው ሐዲድ በ1902 እ.ኤ.አ. እዚህ ደርሶ ተራራውን ወደ ሐረር መውጣት ስለከበደው ከሥር ቀረ፤ ከተማችንም በዚሁ ሰበብ ተቆረቆረች። አንድ አባት ለልጆቹ «እኛ እኮ ጅቡቲን ውጭ አገር አንላትም ነበር» ብለዋቸዋል።

ለተጓዦቹ የሰጠሁት ሥራ አንድ ብቻ ነው። ደብተር ይዛችሁ መጀመሪያ ያያችሁትን ዕለቱን ጻፉ፣ አታሳድሩት አልኳቸው። ዓይን ቶሎ ይለምዳላ!

በመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ተነሳን። ገና ቅጽ ሲሞላ አንዱ ልጃችን የተወለደበትን ዓመት በኛ አቆጣጠር ጻፈና በወረቀቱ ላይ 8 ዓመት አረጀ። ፖሊሱ ፓስፖርቱን አየ፣ ልጁን አየ፣ ሳቀና አዲስ ቅጽ ሰጠው።

ጅቡቲ ናጋድ ባቡር ጣቢያ ስንወርድ ያገኘን ነገር ሙቀት ነው ብዬ አልጽፍም፣ ለድሬ ልጅ ሙቀት ወሬ አይሆንም። ወበቁ ነው። የኛ ሙቀት ደረቅ ነው፤ እዚያ ግን ሸሚዝ ገላ ላይ ይጣበቃል፣ የአንዷ ደብተር ገጹ ሁሉ ለስልሶ እስክሪብቶ አልይዝ አለ። ቀጥሎ ገንዘቡ። የጅቡቲ ፍራንክ ከ1949 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከዶላር ጋር የታሰረ ነው፣ አንድ ዶላር 177 ፍራንክ ከምናምን። ልጆቹ ውኃ ለመግዛት ስልካቸውን አውጥተው ፍራንኩን ወደ ዶላር፣ ዶላሩን ወደ ብር ሲመቱ ሻጩ ሌላ ሦስት ደንበኛ ያስተናግዳል።

እሁድ ጠዋት ደግሞ ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች መንገዱን ሞልተውት አገኘን። እዚያ የሳምንቱ ዕረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነው። ከባሕሩ በላይ ይሄ ያስደነቃቸው ልጆች አሉ፤ አንዱ «እሁድ ትምህርት! ግፍ ነው!» ብሎ በትልቁ ጽፏል። እኩለ ቀን ላይ ሱቅ ተዘግቶ ሰው ሲያርፍ ግን ማንም አልገረመውም፣ ያ የኛውም ጠባይ ነው። ከቀትር በኋላ ከኛ አካባቢ የሚሄደው ጫት ሲደርስ ከተማው እንዴት እንደሚነቃ ሁለት ልጆች ጽፈው ነበር፣ መጽሔቱ የተማሪ ነውና አልፌዋለሁ።

በክፍል ውስጥ እጁን የማያወጣ አንድ የመጋላ ሰፈር ልጅ አለን። እዚያ በሶማሊኛው መሪያችን እሱ ሆነ፤ ታክሲ የሚከራከረው፣ ምግብ ቤት የሚያዘው፣ መንገድ የሚጠይቀው እሱ። አማርኛም ሞልቷል። ሁለት ሴቶች ልጆች የሚሰማቸው የለም ብለው ስለ አንዲት ሻጭ የፀጉር አሠራር ሲንሾካሾኩ፣ ሴትየዋ «ልሥራልሽ እንዴ?» አለቻቸው፣ ጥርት ባለ የአዲስ አበባ አማርኛ። ሮጡ።

ምሳ የየመን አሠራር ዓሣ በላን። ከጀርባው ተሰንጥቆ ከነጭንቅላቱ ይዘረጋል፣ በርበሬ መሳይ ቅመም ተቀብቶ ምድጃ ውስጥ ይጠበሳል፣ ከትሪ የሚሰፋ ስስ ቂጣ አብሮት ይመጣል። ሰው በእጁ እያጠቀሰ ስለሚበላ ሹካ ፍለጋ አልተጨናነቅንም።

ባሕሩንማ ጠዋት አየነው። ፎቶ፣ ጩኸት፣ ጫማ ማውለቅ፣ ውኃውን ቀምሶ መትፋት። ከሰዓት ስንመለስ ግን ውኃው የለም! ጠዋት የቆምንበት ቦታ ረግረግ ሆኖ፣ ትንንሽ ሸርጣኖች ይሯሯጡበታል፣ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተጋድመዋል። ስለ ጨረቃ ስበት ክፍል ውስጥ ተምረዋል፣ ፈተናም ላይ መልሰውታል። የመጋላው ልጅ ግን መጽሐፉን ትቶ አንድ የሰፈር ልጅ ጠየቀ። ልጁ ሳቅ ብሎ «ማታ ይመጣል» አለው።

ሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ላይ ወደ ሥራችን ተመለስን፣ ሐረር ጀጎል። ድሮ ልጆቹ ጎብኚ ሲያገኙ «ኢትዮጵያን ወደድካት?» ይሉ ነበር፤ ማን አልወደድኩም ይላል? አሁን የሚጠይቁት «ዛሬ ምን ግራ አጋባህ?» ብለው ነው። መልሱ ጎረፈ። ጅብ ማብላቱን ሁሉም ከመምጣቱ በፊት አንብቦ ስለነበር ብዙም አላነሱት። አንዷ አውቶቡስ 12 ሰዓት ላይ ነው ተብላ እኩለ ቀን ላይ መናኸሪያ ሄዳለች። ሌላው «ፈረንጆ» እያሉ የሚከተሉት ሕፃናት ምን ፈልገው እንደሆነ እስካሁን አልገባውም። ከዚህ ተነስተን የኛን ሰዓት፣ የኛን ወራትና የብሩን ዓይነት በሥዕል የሚያሳይ አንድ ገጽ ወረቀት አዘጋጅተን ለጥቂት የእንግዳ ማረፊያዎች ሰጠን። ሥዕሉን የሠሩት ጅቡቲ ያልሄዱት ልጆች ናቸው።

ለመጪው ዓመት ታጁራ ይታሰባል፣ ከጅቡቲ ከተማ በጀልባ ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ። ፓስፖርት ከመስከረም ጀምሮ ይወጣ፣ ለማይችሉ ልጆችም መዋጮ ይጀመር ተባብለናል። ርእሰ መምህሩ የጀልባዋን ነገር ገና አልሰሙም፣ እዚሁ ያንብቡት።